ዕፅና ሐኪም ቤት፦ በጨርጨር ሀገር ነቀርሳ ለሚያስታምሙ ሰዎች የተጻፈ መመሪያ

በጨርጨር ደጋ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ጀምሮ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በመቻራ፣ ወደ ቆላውም እስከ መኢሶ ድረስ፣ አንድ ሰው ነቀርሳ ይዞታል ተብሎ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ቀን ቀድሞ ወደ ሕሙሙ ቤት የሚገባው የዘመድና የጎረቤት ዕፅ ነው፤ አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ፣ ሌላው የግራዋ ቅጠል ጨምቆ፣ ሦስተኛውም ስሙን የማይናገርለትን ሥር ቀቅሎ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ ይመጣል። ሰዎቹ ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ስለ ሆነ የሚነቀፉ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ስጦታ መካከል የሚጠጣውን ከማይጠጣው፣ የሚጠጣበትንም ቀን ከማይጠጣበት ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ያም ሰው አስታማሚው፣ ማለት እርስዎ ነዎት። ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር የምወደውም፣ በብዙ ቤት ሕሙሙን የሚጎዳው ዕፁ ራሱ ሳይሆን ዕፁን ከሐኪሙ መደበቅ መሆኑን ነው።

ዕፅንና ሐኪምን ማጣላት የአበው ልማድ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርንና ከምድር የሚወጣውን መድኃኒት አለመናቅን ባንድ ቦታ አያይዞ ያስተምራል፤ ሙስሊሙም ወገናችን፣ አበሱዳ የሚለውን ጥቁር አዝሙድ በሃይማኖቱ ትውፊት የተመሰገነ ነው ብሎ ይወስዳል እንጂ ሐኪም ቤት አትሂድ የሚል ትእዛዝ አልተቀበለም። ሐኪም ቤቱም ቢሆን ከዕፅ የራቀ አይደለም፤ ለልጆች የደም ነቀርሳ የሚሰጠው ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር ከመጣ የአበባ ተክል፣ ለጡት ነቀርሳ የሚሰጠው ፓክሊታክሴልም በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚበቅል ዛፍ ልጥ መጀመሪያ የተገኙ ናቸው።

ለእኛ ሀገር ሰው ይበልጥ የሚደንቀው ግን የአጣጥ ታሪክ ነው። አጣጥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮምቦልቻ የሚለው፣ በየአጥሩ ጥግና በየቍጥቋጦው የሚታወቅ እሾኻም ተክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የዕፀዋት ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ከወሰዱት ከዚሁ ከአጣጥ ወገን ከሆነ ተክል፣ ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1972 ሜይታንሲን የሚባለውን ቅመም አጥርቶ አወጣ። ቅመሙ በቤተ ሙከራ እጅግ በጥቂቱ የነቀርሳን ሕዋስ ሲገድል ስለ ታየ ታላቅ ተስፋ ተጣለበት፤ ነገር ግን ለሕሙማን ተሰጥቶ ሲመረመር፣ በሽታውን የሚጎዳበት መጠን ሰውየውን ከሚጎዳበት መጠን ያልራቀ ሆኖ ስለ ተገኘ ተተወ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሊቃውንቱ ከእርሱ የተሠራውን ሌላ ቅመም፣ ወደ ነቀርሳው ሕዋስ የሚወስደውን መንገድ ለይቶ በሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ላይ አስረው በማስጓዝ፣ በ2013 በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ መድኃኒት እንዲሆን አስፈቀዱት። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «አጣጥ ነቀርሳ ይገድላል» ቢልዎ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ለሊቃውንቱ አርባ ዓመት ያህል የፈጀባቸው ልኩንና መንገዱን ማግኘት ስለ ነበረ፣ ያንን ልክ በጀበናና በድስት ማግኘት አይቻልም። በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ሕዋስ መግደልማ አረቄም ይገድላል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መጀመሪያ የሚደረገው የበሽታውን ስም በትክክል ማወቅ ነው። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነቀርሳም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይህም የሚለየው ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ፣ ሐኪሞቹ ባዮፕሲ በሚሉት ምርመራ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው። ከጭሮ ወይም ከገለምሶ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይቀበሉና፣ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና፣ ወይም ወደ ምዕራብ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው አዲስ አበባ ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሂዱ። ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ በእብጠቱ ላይ ምንም ዓይነት ቅጠል አይለጥፉ፤ አያስተኵሱት፤ አያስበጡትም፤ የቆሰለና የተመረዘ ሥጋ ምርመራውን ያበላሻል፣ ቀዶ ጥገናውንም ያከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም «እስቲ ሁለት ወር ዕፁን ልሞክርና ካልሆነ እሄዳለሁ» የሚለው ነው። ነቀርሳ ግን ሁለት ወር ቆሞ አይጠብቅም። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት፣ በሽታቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት የሐኪሙን ሕክምና ትተው ሌላውን ብቻ የመረጡ ሰዎች፣ በሐኪም ከታከሙት ይልቅ የመሞታቸው ዕድል 2 እጥፍ ተኩል፣ በጡት ነቀርሳ ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ሆኖ መገኘቱን አስረድቷል። ስለዚህ ዕፁ የሚፈቀድለት ቦታ ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነ የተማሪ ደብተር ይግዙና፣ በቤቱ ውስጥ ያለውን ዕፅ ሁሉ በየገጹ ይመዝግቡ፤ ስሙን፣ የተወሰደው ቅጠሉ ወይም ሥሩ ወይም ልጡ ወይም ፍሬው መሆኑን፣ እንዴት እንደ ተዘጋጀ፣ በምን መለኪያ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚወሰድ፣ ማን እንደ ሰጠው፣ ከዚያም በኋላ በሕሙሙ ላይ የታየውን ለውጥ ይጻፉ። ስሙን ሲጽፉ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሆን መልካም ነው፤ የጭሮ ገበሬ ኢብቻ የሚለው ግራዋ፣ ባካኒሳ የሚለው ብሳና፣ ዱሙጋ የሚለው ስሚዛ መሆኑን ከሌላ ሀገር የመጣ ሐኪም ላያውቅ ይችላልና። ስሙ ያልታወቀ ከሆነ ቅጠሉን ከነቅርንጫፉ በጋዜጣ መካከል አድርቀው ይያዙ፤ በስልክም ፎቶ ያንሡት።

ይህ ደብተር የሚያስፈልግበት ምክንያት በሐኪም ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ንግግር ያየ ሰው ይገባዋል። ነርሷ «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እናታችን «የለም፣ ልጄ» ብለው ይመልሳሉ፤ መዋሸታቸው ግን አይደለም፤ ጥቁር አዝሙዱ በእርሳቸው ዘንድ ምግብ፣ ጠበሉ በረከት፣ ጢሱም መታጠኛ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። እንግዲህ እርስዎ ደብተሩን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩና፣ የሚጠጣውን፣ የሚታኘከውን፣ የሚታጠነውንና የሚቀባውን ሁሉ ለነርሷና ለሐኪሙ በተራ ያንብቡላቸው። ሐኪሙ ቢቈጣም ይታገሡ። ከተቈጣ ሐኪም ይልቅ ያልተነገረው ሐኪም የሚያደርሰው ጉዳት ይብሳልና፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቀው መልሱን እዚያው ይጻፉ፤ ይህ ዕፅ የሕክምናውን መድኃኒት ያዳክማል ወይስ ያጠነክራል? ጉበትን ወይም ኩላሊትን ይነካል? ደም ያቀጥናል?

ሦስተኛው ሥራ መለየት ነው። የመለያው ደንብ ቀላል ነው፤ በወጥና በሻይ መጠን የሚወሰድ ዕፅ ከመድኃኒት መጠን ይለያል። በወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርትና እርድ፣ በቡና ስኒ ላይ የተነከረች አንዲት የጤና አዳም ቅርንጫፍ፣ በሻይ የፈላ ዝንጅብል፣ በምግብነታቸው ለአብዛኛው ሕሙም የሚያሰጉ አይደሉም። ይኸው እርድ ግን በእንክብል ተጨምቆ በብዛት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበት እንደሚያቈስል ታውቋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም በብዛት ሲወሰዱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ጤና አዳምም ተቀቅሎ በብርጭቆ ሲጠጣ ወይም ተወቅጦ ሲቀባ ቆዳው ፀሓይ ባየ ጊዜ እንዲቃጠል የሚያደርግ ቅመም ስላለበት፣ በጨረር ለሚታከም ሰው የተገባ አይደለም።

ከባሕር ማዶ የሚላከውም ከዚሁ የሚቈጠር ነው። በጅዳና በሚኒሶታ ያለ ዘመድ ከፍቅር ብዛት የሚልከው እንክብል፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው «ከተፈጥሮ የተዘጋጀ» የሚል ስለ ሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም። የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ የሚባለው፣ በእኛ ደጋ ከሚበቅለው ከአምጃ ጋር ባንድ ወገን የሚቈጠረው ተክል፣ ለድብርት ተብሎ በእንክብል ይሸጣል፤ ነገር ግን ጉበት መድኃኒቱን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያነሣሣው፣ እንደ ኢማቲኒብና እንደ ኢሪኖቴካን ያሉትን የነቀርሳ መድኃኒቶች ከደም ውስጥ እንዲያንሱ ያደርጋል። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ደግሞ በተቃራኒው አንዳንዱን በእንክብል የሚዋጥ መድኃኒት ከልኩ በላይ ያበዛዋል። ሁለቱም ወደ ቤት አይግቡ።

ፈጽሞ የሚከለከለው የትኛው ነው ቢሉ፣ አንደኛ የቍልቋል ደምና እርሱን የመሰለ የሚያቃጥል ወተት ሁሉ ነው፤ እብጠቱን ሲያቃጥለው የሚያጠፋው ይመስላል፤ የሚያጠፋው ግን ቆዳውን ብቻ ነውና ነቀርሳው ከሥር እየበላ ይሄዳል። የብሳና ፍሬም እንዲሁ ይተው፤ የብሳና ዘመድ ከሆነው ከእስያው ተክል የሚወጣው ዘይት፣ በቤተ ሙከራ በአይጥ ቆዳ ላይ ዕጢ እንዲያድግ ለማነሣሣት ሊቃውንቱ ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ኮሶ፣ እንደ እንቆቆና እንደ እሬት ያለው ሆድ የሚያጥብ ሁሉ፣ በኪሞ፣ ማለት ነቀርሳን በሚገድል መድኃኒት ሕክምና፣ የተዳከመውን ሰው ውኃውን ያደርቅበታልና ይቅር። ሦስተኛ፣ ስም የሌለው ብልቃጥና ፌስታል ውስጥ የታሰረ ድብልቅ ዱቄት፣ ሰጪው የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን፣ አይወሰድ።

ስለ ጫት ግን ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል፤ በዚህ ሀገር ጫትን ዕፅ ብሎ በደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሰው የለምና። እርሻውም ገበያውም የሰርክ ጨዋታውም እርሱ በሆነበት ሀገር «ጫት ተው» ማለት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሐረር ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2016 ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ የሚቃመውም ባደገ መጠን ሥጋቱ እንደሚያድግ አሳይቷል። ቪንክሪስቲንን፣ ፓክሊታክሴልንና ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ሌላ የነቀርሳ መድኃኒት ከሰውነት የሚያወጣው ደግሞ ይኸው ጉበት ነው፤ ጉበቱ የተጎዳበት ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልኩ በላይ ይቆይበታል፤ ሐኪሙም ጉበቱ የደከመበትን ምክንያት ሳያውቅ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሕክምናውን ሊያዘገይ ይገደዳል። በዚህ ላይ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ በኪሞ የቆሰለውን አፍ ያደርቃል፤ ልብንም ያስሮጣል። ቅጠሉም ሳይታጠብ ጥሬውን የሚታኘክ ነውና፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ላነሰበት ሰው የበሽታ መግቢያ በር ይሆናል። ስለዚህ ሕክምናው እስኪፈጸም ድረስ መተው ይሻላል፤ መተው ያቃተው ሰው ግን ቢያንስ ከሐኪሙ አይደብቅ፤ በቀን ስንት እስር እንደሚቅም ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

አራተኛው ነገር ጊዜን መለየት ነው፤ ዕፁ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ሁሉም ቀን የእርሱ አይደለም። ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ሰው ደም የሚያቀጥነውን በብዛት የሚወሰድ ዕፅ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከእርድ እንክብል ጀምሮ፣ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ያቁም። ኪሞ በደም ሥር የሚሰጥበት ቀን፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያሉትም ቀናት፣ ለመድኃኒቱ ብቻ ይተዉ። ከኪሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ በብዛት የሚያንስበት ስለ ሆነ፣ ያልፈላ ጭማቂ፣ ጥሬ ቅጠል፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ የላምም ሆነ የግመል ወተት አይቅረቡ። ጨረር የሚወሰድ እንደ ሆነም፣ ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት በጨረሩ ቦታ ላይ እሬትም ሆነ ቅቤ ሌላም ቅባት አይቀቡ፤ እሬት የጨረርን ቃጠሎ ይከላከላል የሚለው አባባል በጥናት አልጸናም።

እስካሁን ክልከላ በዝቷል፤ አሁን የሚረዳውን እንናገር። ማቅለሽለሽን ለመቀነስ ዝንጅብል ከዕፀዋቱ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ግራም የሚሆን ዝንጅብል፣ ከኪሞው ሦስት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ ከተለመደው የማስታወክ መከላከያ ጋር ሲወሰድ፣ በኪሞው ቀን የሚሰማውን ማቅለሽለሽ እንደሚያቀልል አሳይቷል። አንድ ግራም ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ደረቅ ዱቄት ነው፤ ብዙ መጨመር ብዙ አይጠቅምም። በኪሞ ቀናት ዕፅ አይወሰድ ያልኩት እንዲህ ያለውን ሐኪሙ አውቆ የፈቀደውን አይመለከትም። ትኩሱን ለሚሻ ሰው፣ የጣት ጫፍ የሚያህለውን ታጥቦና ተልጦ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዐሥር ደቂቃ ያፍሉና፣ ለብ ሲል በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱ ያነሰበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ ሐኪሙ ያዘዘው የማስታወክ እንክብልም በዝንጅብል ምክንያት አይቋረጥ።

አፍ ለቆሰለበት ሰው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨውና ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አሟሟቶ በቀን ብዙ ጊዜ መጕመጥመጥ ከማንኛውም ቅጠል ይበልጣል፤ በራስና በአንገት ላይ ጨረር ለሚወስዱ ሰዎች ማር በአፍ ውስጥ ማዞር ቁስሉን እንደሚያስታግስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ስኳር በሽታ ላለበት ግን አይሆንም። ቪንክሪስቲንና የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ሆድ ያደርቃሉ፤ እነርሱን ለሚወስድ ሰው ተልባ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሰጥ፤ ለሌላ የሆድ ድርቀት ተልባ በበቂ ውኃ ተበጥብጦ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ልጋጉ እንክብሉን ይዞ ስለሚያዘገየው በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ሆዱ ተነፍቶ ለሚያስመልስ ሰውም ፈጽሞ አይሰጥ።

ምግቡን በተመለከተ፣ የሐረርጌ ገበሬ የሚያመርተው ቦሎቄና ኦቾሎኒ፣ ሽሮውም ምስሩም፣ ከሕሙም ሰውነት የጎደለውን ሥጋ የሚመልሱ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ በጥንቃቄ ይታይ፤ በጉድጓድ የቆየ ማሽላና የሻገተ ኦቾሎኒ፣ አፍላቶክሲን የሚባል ራሱ ጉበት ላይ ነቀርሳ የሚያመጣ መርዝ ይይዛል፤ መቍላትም መቀቀልም አያጠፋውምና የሻገተውን ለሕሙሙም ለጤነኛውም አይስጡ። በጾም ወራት ድዉይ ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኑን ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ያስተምራሉ፤ ሕሙሙ ራሱ እምቢ ቢል የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን አምጥተው በፊቱ እንዲነግሩት ያድርጉ፤ ከልጅ ቃል ይልቅ የእነርሱ ቃል ይሰማልና። ጠበልም ቢሆን ነጭ የደም ሕዋስ በሚያንስበት ሳምንት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ካህኑን ቢያማክሩ የሚፈቀደውን መንገድ ያመለክቱዎታል።

የባህል ሐኪሙን፣ በአካባቢው ኦጌሳ የሚባለውን ሰው፣ መሸሽ አያስፈልግም። ሄደው በአክብሮት ሰላምታ ከሰጡ በኋላ «አባቴ፣ እናቴ በሐረር ኪሞ ጀምራለች፤ ሐኪሙም የምትወስደውን ሁሉ ይጠይቀኛልና የዕፁን ስም ይንገሩኝ» ይበሉ። ዕውቀቱን የሚያከብር ሰው ስሙን ይነግርዎታል፤ ቢያንስ ቅጠሉን ያሳይዎታል። «ስሙ ከታወቀ ኃይሉ ይጠፋል» የሚል ቢሆን ደግሞ አመስግነው ይመለሱ። «የሐኪሙን መድኃኒት ካልተዉ የእኔ አይሠራም» የሚል ግን፣ ገንዘብ ቢቀበልም ባይቀበልም፣ ዳግመኛ አይጠጉት።

በመጨረሻ ሌሊት የሚመጣው ነገር አለ። ኪሞ የወሰደ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ቢደርስ፣ ወይም ብርድ ብርድ እያለ ቢንቀጠቀጥ፣ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚያች ሌሊት ግን ዳማከሴው ይቆይ። ነጭ የደም ሕዋስ ባነሰበት ሰው ትኩሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍስ የሚወስድ መመረዝ ሊሆን ይችላልና፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ባጃጅም ሆነ መኪና ተከራይተው ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይሂዱ። ዐይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንቱ ቢጠቁር፣ ከድዱ ወይም ከአፍንጫው ደም ቢፈስስ፣ ውኃ እንኳ ባይረጋለት እንዲሁ ያድርጉ። ቴርሞሜትር አስቀድመው ከፋርማሲ ይግዙ፤ የታከመበትን ክፍል ስልክ ቍጥር በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ፤ የድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲደርሱም ከሁሉ አስቀድመው «ኪሞ ከወሰደ ይህን ያህል ቀኑ ነው» ብለው ይናገሩና ደብተሩን ለነርሷ ይስጡ።